የፕሮስቴት ካንሰር ቅድመ ምርመራ

የፕሮስቴት ካንሰር ቅድመ ምርመራ የበሽታው ምልክት በሌለው ወንድ ላይ ካንሰሩን አስቀድሞ ለማግኘት የሚደረግ ምርመራ ነው። ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ ሥር የሚገኝ የወንዶች ዕጢ ነው። ምርመራው ጥቅምም ጉዳትም ስላለው ሐኪምና ታካሚ ተመካክረው እንዲወስኑ ይመከራል። ይህ አሠራር የጋራ ውሳኔ ይባላል።

ምርመራው

ዋናው ምርመራ ዕጢው የሚያመነጨውን ፒ.ኤስ.ኤ. የተባለ ፕሮቲን በደም ውስጥ ይለካል። የፕሮቲኑ መጠን ካንሰር ባልሆነ የዕጢ ማደግና በኢንፌክሽንም ስለሚጨምር፣ ከፍ ያለ ውጤት ብቻውን ካንሰር መኖሩን አያረጋግጥም። ለማረጋገጥ ከዕጢው በመርፌ ናሙና ይወሰዳል።

ጥቅምና ጉዳት

የአሜሪካ የመከላከያ አገልግሎቶች ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ምክር ከ55 እስከ 69 ዓመት ያሉ ወንዶች ከሐኪም ጋር ተነጋግረው እንዲወስኑ፣ 70 ዓመት የሞላቸው ግን እንዳይመረመሩ አሳስቧል። በግምቱ መሠረት 1,000 ወንዶች ለ13 ዓመታት ያህል ቅድመ ምርመራ ቢደረግላቸው፦

* 100 ያህሉ ካንሰር ይገኝባቸዋል፤
* 80 ያህሉ ቀዶ ሕክምና ወይም የጨረር ሕክምና ያገኛሉ፤
* 50 ያህሉ ለስንፈተ ወሲብ፣ 15 ያህሉ ሽንት መቆጣጠር ለማቃት ይዳረጋሉ፤
* በካንሰሩ ከመሞት የሚተርፉት 1 ወይም 2 ናቸው።

አብዛኞቹ ካንሰሮች በዝግታ ስለሚያድጉ፣ አንዳንዱ ሰው በሕይወቱ ሙሉ ለማይጎዳው በሽታ ይታከማል። በአንጻሩ አባቱ ወይም ወንድሙ በበሽታው የተያዘ ሰው ሥጋቱ ከፍ ያለ ነው።

በጅማና አካባቢዋ

በኢትዮጵያ ብዙ ታካሚዎች ወደ ሐኪም የሚሄዱት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው። በአጋሮ፣ በየቡ ወይም በሊሙ ገነት ለሚኖር ገበሬ የደም ምርመራው የመጀመሪያው እርምጃ ብቻ ነው። ውጤቱ ከፍ ካለ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል፣ አንዳንዴም 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው አዲስ አበባ መመላለስ ሊያስፈልገው ይችላል። ጉዞው በቡና ለቀማ ወቅት ከዋለ ደግሞ የዓመት ገቢውን ሊነካበት ይችላል።

ስለዚህ ደሙ ከመቀዳቱ በፊት ሦስት ጥያቄዎች መነሳት አለባቸው፦ ውጤቱ ከፍ ካለ ናሙናው የት ይወሰዳል? ወጪውን ማን ይችላል? ካንሰር ቢገኝ ታካሚው የትኛውን ሕክምና ይቀበላል? ውይይቱ ታካሚው በሚገባው ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ፣ ከፈቀደም ቤተሰቡ ባሉበት ሊሆን ይገባል። «አልመረመርም» ማለትም ተገቢ ውሳኔ ነው።

ምልክት ሲኖር

ሽንት የሚያስቸግረው፣ በሽንቱ ደም የሚያይ ወይም የማይለቅ የወገብና የአጥንት ሕመም ያለበት ሰው ጉዳይ ከቅድመ ምርመራ ውጭ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ሳይዘገይ ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለበት።