በጓዳ የቀረ በደል

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 635 ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ ሲሾም፥ ሚስት ከሕግ ውጭ ያልሆነ ትእዛዙን ሁሉ እንድትፈጽም ያስገድድ ነበር። ይህ ቁጥር መምታትን አልፈቀደም፤ ነገር ግን አንዱ አዛዥ ሌላው ታዛዥ በሆነበት ቤት «ገሠጽኋት» እና «ደበደብኋት» በቀላሉ የሚወራረሱ ቃላት ናቸው። ነገሩም የጓዳ ገበና ሆኖ ኖረ። ሲብስ ሽማግሌ ይቀመጣል፥ ባል ይገሠጻል፥ ሴቲቱም ወደዚያው ቤት ትመለሳለች።

የመታዘዝ ግዴታ የተሻረው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ነው። የሚደንቀው፥ በዚያው ዓመት በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች ከ100 85ቱ ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንበት ቢያንስ አንድ ምክንያት አለ ማለታቸው ነው። ወጥ ማሳረር፥ ሳይናገሩ መውጣት፥ መከራከር ከምክንያቶቹ መካከል ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 63 ወረደ፤ ከወንዶች ግን እንዲህ ያሉት 28 ብቻ ነበሩ። ከዚህ ተነሥቶ ጥፋቱን በሴቶች የሚያሳብብ አይጠፋም። እኔ የሚታየኝ ግን ተበዳይዋ በደሉን በስሙ እንዳትጠራው ሆና ማደግዋ ነው።

በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃት ወንጀል መሆኑን ለይቶ ደነገገ። ሆኖም የሚያመለክተው አካልንና ጤንነትን ወደሚጎዱት አንቀጾች ነው፤ አንቀጽ 620ም አስገድዶ መድፈርን ከጋብቻ ውጭ በሚፈጸመው ወስኖታል። መሣሪያው ያልለካውን መዝገብ እንደማያሳይ ለሙያ ባልደረቦቼ መንገር አያሻም። ደመወዝዋን የሚነጥቃት፥ ከወላጆችዋ የሚያርቃት፥ በልጆችዋ የሚያስፈራራት ባል ሐኪም የሚመሰክረው ቁስል አይተውም። በ2008ቱ ጥናት አግብተው ከሚያውቁት ሴቶች ከ100 24ቱ ከባሎቻቸው የአካል ጥቃት ደርሶብናል ሲሉ፥ የስሜት ጥቃት ደርሶብናል ያሉትም እንዲሁ 24 ናቸው።

አንዲት ባልደረባችን የመስክ ሥራ በደረሳት ቁጥር «ታመምሁ» ትል ነበር። ሰነፍ ናት ብለን ፈረድንባት፤ ከፈራጆቹ አንዱ እኔ ነበርሁ። ባልዋ ከከተማ እንዳትወጣ ይከለክላት እንደነበር የሰማነው ሥራዋን ከለቀቀች በኋላ ነው።