ከፋብሪካው አጥር ባሻገር፦ የሠራተኛ ፍልሰትና የድርጅት ውጤት ከሾኔ ሲታይ

የሰው ሀብት አስተዳደር ከድርጅት ውጤታማነት ጋር ስላለው ዝምድና ብዙ ተጽፏል። የእኔ ሙግት ከተመራማሪው ማርክ ሂውስሊድ ጋር ነው። ሂውስሊድ እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት ጥናት ወደ 1,000 የሚጠጉ የአሜሪካ ድርጅቶችን መርምረው፣ የምልመላ፣ የሥልጠናና የክፍያ አሠራር በአንድ መደበኛ ልይይት ሲሻሻል የሠራተኛ ፍልሰት (ሥራ መልቀቅ) በ7.05 በመቶ እንደሚቀንስ፣ ሽያጭም በአንድ ሠራተኛ በ27,044 ዶላር እንደሚጨምር አሰሉ።

አሠራሩ ይቀድማል ወይስ ውጤቱ የሚለውን ጥያቄ በአጭሩ አልፈዋለሁ። ፓትሪክ ራይትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2005 እንዳሳዩት፣ አሠራሩ ከወደፊቱ ውጤት ጋር የሚዛመደውን ያህል ካለፈውም ጋር ይዛመዳል። ያተረፈ ድርጅት ለሥልጠና የሚያወጣው ገንዘብ አያጣም።

ዋናው ጉድለት ሌላ ነው፤ የመልቀቅ ምክንያት በዋናነት የተፈለገው በድርጅቱ አጥር ውስጥ ነው። ከሐላባ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የሾኔ ከተማ ይህን አትቀበልም። የአካባቢው የሐዲያና የከምባታ ወጣት እ.ኤ.አ. በ2016 ከተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጎን የደቡብ አፍሪካንም መንገድ ያውቃል። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 እንደዘገበው፣ የኢትዮጵያ የስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። ከዚህ ሄዳ በፓርኩ የተቀጠረች ልጅ ከጓደኞቿ ጋር ተጋርታ የቤት ኪራይ ከከፈለች በኋላ ጉድለቱን የሚሞላው ከቤት የሚላክላት ቆጮና በቆሎ ነው። የፋብሪካውን ደመወዝ ቤተሰብ ይደጉማል፤ መቆየቷንም መመለሷንም የሚመክረው እሱ ነው።

በዚህ ሙግት የሚታለፈው ምንጭ የተመራማሪዎቹ የብላትማንና የዴርኮን እ.ኤ.አ. የ2018 ጥናት ነው። በኢትዮጵያ በአምስት ድርጅቶች ለመቀጠር ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችን በዕጣ ለይተው ተከታተሉ። ከተቀጠሩት ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶው ደግሞ ዓመት ሳይሞላ ለቀቁ። አብዛኞቹ የተሻለ አስተዳደር ወዳለው ፋብሪካ አልተሻገሩም፤ ዘርፉን ጭምር ተዉት።

ደመወዝም የአስተዳደር አሠራር ነው የሚል ይኖራል። በከፊል ነው፤ በስፌት ፋብሪካ ግን የሠራተኛ ዋጋ በአብዛኛው ከገዥው ኩባንያ ትዕዛዝ ጋር ይመጣል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የደመወዝ ወለልን ራሱ አልቆረጠም፤ ለሚቋቋም ቦርድ አሳለፈው። የሰው ሀብት ኃላፊው እዚህ ላይ ያለው ሥልጣን ጠባብ ነው።

አንድ ከተማ አገር አይወክልም፤ ይህም የልኬት ጥናት አይደለም። ሆኖም በሐዋሳ የሚካሄድ ቀጣይ ጥናት ከኃላፊው መጠይቅ ጎን፣ ለሠራተኛዋ ከቤት የሚላከውን እህል በኪሎ፣ የኪራይ ድርሻዋን በብር፣ ውጭ አገር ያለ ወንድም እንዳላትም ይመዝግብ።