ማንሻው የማን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ኤክስካቫተር ሲቆፍር ቆሞ አይቶ የማያውቅ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። እኛ አናወጣም። ቀጠሮ ረፍዶብንም ቢሆን ቆመን እናያለን። ከጎናችን ደግሞ ሁልጊዜ ሰው አይጠፋም፦ ተማሪው፣ ሊስትሮው፣ ጡረተኛው፣ ክራቫት ያሰረው የባንክ ሠራተኛ። የሁሉም ዓይን ያለው ባልዲው ላይ ነው። አፈር ሲዝቅ፣ ዞሮ ገልባጭ መኪናው ላይ ሲደፋ። እስኪ በሚቀጥለው ጊዜ ዓይናችሁን ከባልዲው ላይ አንሱና የኦፕሬተሩን እጆች እዩ። ሁለት አጫጭር ማንሻዎች ጨብጧል፤ አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ። ያ ሁሉ ብረት የሚታዘዘው ለእነዚያ ሁለት ማንሻዎች ነው።

በቀደም አንዱን ኦፕሬተር ሻይ ሲጠጣ አገኘነውና "ከሥራህ ከባዱ ምኑ ነው?" ብለን ጠየቅነው። ዐለት ወይም ገደል ይለናል ብለን ነበር። "ማሽን መቀየር" አለን። ለካ ሁሉም ማሽን ለእጅ አንድ አይደለም! አይኤስኦ በሚባለው አደራደር የግራው ማንሻ ማሽኑን ያዞራል፣ ክንዱን ይዘረጋል፣ ይሰበስባል፤ የቀኙ ደግሞ ቡሙን ያነሳል፣ ያወርዳል፣ ባልዲውንም ያጥፋል፣ ይከፍታል። ኤስኤኢ በሚባለው አደራደር ግን ቡሙና ክንዱ እጅ ይቀያየራሉ። ለአንዱ የለመደ ሰው ሌላው ላይ ሲወጣ ክንዱን ሰበሰብኩ ሲል ቡሙን ያነሳል። እዚያ አካባቢ ሰው ካለ ደግሞ ነገሩ ቀልድ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ ከአእምሯችን አልወጣ አለ። የማንሻ ነገር የአንድ ሰው ንብረት ሊሆን ይችላል? አንዱ ተነስቶ "ግራ የነበረውን ቀኝ አደረግሁት፣ ሁለት የነበረውን አንድ አደረግሁት፤ ስለዚህ ፓተንት ይሰጠኝ" ቢል መንግሥት ምን ይበለው? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ዳኞች ከ150 ዓመት በላይ ሲከራከሩበት ኖረዋል። ክርክሩ በዋናነት የተካሄደው አሜሪካ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ታሪኩን ከዚያ እንጀምራለን። (ዓመተ ምሕረቶቹን፣ ዓ.ም. ካላልን በቀር፣ እንደ ፈረንጆቹ ቁጠሩልን።)

መጀመሪያ ኦቲስ የሚባል ወጣት ነበር። ዊልያም ኦቲስ በእንፋሎት የሚሠራ የመሬት መቆፈሪያ ሠርቶ በ1839 ፓተንት ቁጥር 1,089 ተሰጠው። በዚያው ዓመት ሞተ፤ ገና 26 ዓመቱ ነበር። የያኔው ሕግ ለባለ ፓተንት 14 ዓመት ይሰጥ ነበር፤ ሲፈቀድም 7 ዓመት ይጨምራል። ማሽኑ ግን በስፋት ሥራ ላይ ዋለ ለመባል እስከ 1870ዎቹ መጠበቅ ነበረበት። ለመዘግየቱ ሁለት ምክንያቶች ይጠቀሳሉ። አንደኛው አካፋ የሚይዝ የቀን ሠራተኛ ርካሽ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ራሱ ፓተንቱ ነው። የፓተንት ሁለት ገጽ ያለው እዚህ ላይ ነው። የፈጠረውን ሰው ይጠብቃል፤ ሌላውን ሰው ደግሞ ያስጠብቃል። ስለዚህ "ለማን ይሰጥ?" የሚለው ጥያቄ የፈጣሪው ብቻ ሳይሆን አካፋ ይዞ የሚጠብቀው ሰው ጉዳይም ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ የተጀመረው ግን በመቆፈሪያ አይደለም። በበር እጀታ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1841 ሆችኪስ የሚባል ሰውና ባልደረቦቹ ከሸክላና ከፖርሴሌን ለሚሠራ የበር እጀታ ፓተንት አወጡ። እጀታ በሩ ላይ የሚታሰርበት ዘዴ ቀድሞም የታወቀ ነበር፤ ሸክላም እንደዚሁ። የእነሱ አዲስ ነገር በብረት ወይም በእንጨት ፋንታ ሸክላን ከዚያ ማሰሪያ ጋር ማጋባታቸው ነው። ጉዳዩ በ1851 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና ፓተንቱ ወደቀ። የፍርድ ቤቱ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ አንድ ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ ያለ ብዙ ችግር ሊሠራው የሚችለው ነገር የባለሙያ ሥራ እንጂ ፈጠራ አይባልም። ዉድበሪ የሚባሉት ዳኛ ግን አልተስማሙም። አዲስ ከሆነ፣ ከዱሮው የተሻለና የረከሰ ከሆነ ለምን አይበቃም? አሉ። በድምፅ ተሸነፉ፤ ጥያቄያቸው ግን እስከ ዛሬ አልሞተም።

ልብ በሉ፣ ሕጉ እዚህ ላይ አንድ ሰው ፈጠረ። ስም የለውም፣ ደመወዝ የለውም፣ አድራሻ የለውም። "ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ" ይባላል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ፓተንት የጠየቀ ሁሉ ከዚህ ሰው ጋር ይመዘናል። እሱ ከቻለው ፓተንት የለም፤ እሱ ካልቻለው በሩ ይከፈታል። እንግዲህ የቀረው ጥያቄ ይህ ሰውዬ ምን ያህል ብልህ ነው የሚለው ነው።

የእጀታው ነገር እንዲህ ሆኖ ሳለ ማሽኖቹ አደጉ። የፓናማ ቦይ ሲቆፈር (አሜሪካኖቹ ሥራውን የያዙት ከ1904 እስከ 1914 ነው) የእንፋሎት መቆፈሪያዎቹ ተራራ ይንዱ ነበር። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በኅዳር 1906 እዚያ ድረስ ሄደው አንዱ መቆፈሪያ ላይ ወጥተው ተቀምጠዋል፤ ፎቶግራፉም ዝነኛ ነው። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመን ግን ፕሬዚዳንቱ ሳይሆኑ የማሽኑ ሠራተኞች ናቸው። ያን መሰሉን ማሽን አንድ ሰው ብቻውን አይነዳውም ነበር። አንዱ ማንሳቱንና ማዞሩን ይይዛል፣ ሌላው ክንዱ አጠገብ ቆሞ ባልዲውን ይገፋል፣ ይደፋል፣ ሌላው ከሰል ይጨምራል። በኋላ የብረት ገመድ ማሽኖች መጡ፤ ኦፕሬተሩ ፊት ለፊት ማንሻ በማንሻ ሆነ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ሃይድሮሊክ መጣና የክንድ ጉልበት የሚጠይቀው ማንሻ ዘይት የሚከፍትና የሚዘጋ ሆነ። አራቱ ዋና ዋና እንቅስቃሴዎችም በሁለት ማንሻ ተጠቃለሉ። የማንሻ ታሪክ እንግዲህ የሦስት ሰው ሥራ በአንድ ሰው ሁለት መዳፍ ውስጥ የገባበት ታሪክ ነው።

ታዲያ ከእነዚህ እርምጃዎች የቱ ፈጠራ ነው? የቱስ የባለሙያ ብልሃት? ዳኞቹ መሐል ላይ ትንሽ ተንገዳግደዋል። በ1941 ስለ አንድ የመኪና ሲጋራ መለኮሻ (ሲግል ራሱ የሚያቋርጠው ዓይነት) ሲፈርዱ ፈጠራ የሊቅነት ብልጭታ ሊታይበት ይገባል አሉ። ይሄ መቼም አስቸጋሪ ሚዛን ነው። ብልጭታ በምን ይለካል? ሃያ ዓመት ጋራዥ ውስጥ ሞክሮ፣ ወድቆ፣ ተነስቶ የደረሰበት ሰውስ ብልጭታ ስላልታየው ይቅርበት? በ1952 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ይህንን አስተካከለው። ነገሩ ሥራውን ለሚያውቅ ባለሙያ ግልጽ ነበር ወይስ አልነበረም ብላችሁ ጠይቁ፤ ፈጠራው በብልጭታ ይምጣ በልፋት ግን አያገባችሁም አለ።

ይህ ሕግ በ1966 ተፈተነ። ግርሃም የሚባል ሰው ድንጋያማ መሬት ላይ ለሚሠራ ማረሻ ፓተንት ነበረው። ማረሻው ድንጋይ ሲመታ እንዳይሰበር በስፕሪንግ ይነሳል፤ የግርሃም አዲስ ነገር ከማጠፊያው ሳህን በላይ የነበረውን ዘንግ ከታች ማድረጉ ነው። ፍርድ ቤቱ፣ የላዩን ወደ ታች መገልበጥ ማንም ባለሙያ የሚያየው ነው አለና ፓተንቱን ሰረዘው። በዚያው ቀን ግን አዳምስ የሚባል ሰው በውኃ የሚነሳ የባትሪ ድንጋይ ይዞ መጣና አሸነፈ። ለምን ቢሉ፣ ባለሙያዎቹ ራሳቸው አይሠራም ብለውት ነበር! ባለሙያ አይሆንም ያለው ነገር ከሆነ፣ ግልጽ ነበር ማለት አይቻልም። እነዚህ ሁለት ፍርዶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሚዛኑ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ከእጅ ወደ እግር ወርደን ደግሞ በ2007 የመኪና ፔዳል እናገኛለን። እንደ ነጂው ቁመት የሚስተካከል ፔዳል ነበረ። የነዳጅ መርገጫን በኤሌክትሮኒክ የሚያነብ ሴንሰርም ነበረ። አንድ ኩባንያ ሁለቱን አገጣጥሞ ፓተንት ይዞ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ጣለው። ገበያው ከብረት ሽቦ ወደ ኤሌክትሮኒክ እየሄደ ባለበት ሰዓት ሁለቱን ማገጣጠም ለባለሙያው የሚጠበቅ እርምጃ ነው አለ። ከዚህ በላይ የወደድንለት ግን ስለዚያ ስም የለሽ ሰውዬ የተናገረውን ነው። ባለሙያ ማለት እንደ ማሽን የተጻፈለትን ብቻ የሚፈጽም አይደለም፤ የራሱ የሆነ የፈጠራ ችሎታ ያለው ሰው ነው ብሏል። ከበር እጀታው 156 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ኤክስካቫተሩ እንመለስ። የግራውን ወደ ቀኝ ማዛወር ብቻውን ፓተንት ያሰጣል? ይህንን ሚዛን ይዘን ካየነው አያሰጥም፤ የግርሃምን ማረሻ ይመስላል። ሁለት የታወቁ ማንሻዎችን አንድ መያዣ ላይ መደርደርስ? የፔዳሉን ዕጣ ይፈራል። ነገር ግን ሌላ ነገር አስቡ። ማሽኑ ሲንገጫገጭ የኦፕሬተሩ ሰውነት አብሮ ይንገጫገጫል፤ እጁ ሳይፈልግ ማንሻውን ይነቀንቃል፤ ማንሻው ደግሞ ማሽኑን መልሶ ያንገጫግጫል። ይህንን ችግር ሙያተኛው ባላሰበው መንገድ የሚፈታ አሠራር ያመጣ ሰው ካለ፣ ዕቃው ከጭብጥ ባይበልጥም በሩ ይከፈትለታል። ፓተንት ዕቃው ትልቅ ይሁን ትንሽ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ከሚታወቀው ምን ያህል ራቀ የሚለውን ነው። የእጀታው ቅርጽና መልክ ብቻ ከሆነ ደግሞ የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ ጉዳይ ነው፤ መዝገቡም ሌላ ነው።

"ይሄ ሁሉ የአሜሪካ ወሬ ለእኛ ምናችን ነው?" የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። በአገራችን ያ "ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ" የሚባለው ሰው ለረጅም ጊዜ ሌላ ስም ነበረው፤ ቀጥቃጭ ይባል ነበር፣ ያውም በስድብ። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። እዚያ ዳኛ ባለሙያውን የብልሃት መለኪያ ሲያደርገው፣ እዚህ ንጉሥ አትስደቡት ብሎ ይለምንለት ነበር ማለት ነው።

የራሳችን የፓተንት አዋጅ የመጣው በ1987 ዓ.ም. ነው፤ ቁጥሩ 123። በ1995 ዓ.ም. የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ፤ በኋላ ባለሥልጣን ተባለ። አዋጁ ለፈጠራ ያስቀመጠው ሚዛን ከላይ ያየነው ዓይነት ነው፦ አዲስ ይሁን፣ ከባለሙያው ዕውቀት ይራቅ፣ ኢንዱስትሪ ላይ ይዋል። ለዚህ 15 ዓመት ሰጠ፣ በአገር ውስጥ ሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ ደግሞ 5 ዓመት ጨመረ። ከርዕሱ ውስጥ ግን "አነስተኛ ፈጠራ" የምትል ቃል አለች። ይቺን ቃል ብዙዎቻችን አናውቃትም። አነስተኛ ፈጠራ የሚጠየቀው አዲስነትና ጠቃሚነት ብቻ ነው፤ አዲስነቱም የሚለካው እዚሁ አገር ውስጥ ነው። 5 ዓመት ይሰጠዋል፣ ሌላ 5 ዓመት ሊታደስ ይችላል። በ1851 በድምፅ የተሸነፉት ዳኛ ጥያቄ፣ "አዲስ ከሆነና ከተሻለ ለምን አይበቃም?" ያሉት፣ በአጭር ጊዜ መብት መልክ አዲስ አበባ ላይ መልስ አገኘ ማለት ነው።

ይህ ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። የተሰበረ ማንሻ መለዋወጫ ሲጠፋለት ከሌላ ብረት ቀጥሎ፣ አሳጥሮ፣ አጥፎ፣ ለእጅ እንዲመች አድርጎ የሚመልሰው የጋራዥ ሰው እኛ አገር ሞልቷል። አብዛኛው ብልሃቱ በአሜሪካው ሚዛን ቢመዘን "የባለሙያ ሥራ ነው" ተብሎ ይመለሳል። እውነትም ነው፤ የባለሙያ ሥራ ነው። እዚህ ግን ለእሱ የተለየች ትንሽ በር አለች። የሚያሳዝነው ብልሃቱ በሩ ድረስ አለመድረሱ ነው። ዛሬ የሠራውን ነገ ጎረቤት ጋራዥ ያየዋል፣ ከነገ ወዲያ ሰፈሩ ሁሉ ይዞታል፤ የሠሪውን ስም ግን የሚያስታውስ የለም። በሕዝብ ፊት የዋለ ነገር ደግሞ አዲስ ነው ለማለት ያስቸግራል። ስለዚህ የምታውቁት ባለ እጅ ካለ ለሰፈሩ ከማሳየቱ በፊት ባለሥልጣኑ ቢሮ ጎራ እንዲል ንገሩት።

ሁሉም ነገር ይመዝገብ፣ ሁሉም ነገር ባለቤት ይኑረው እያልን አይደለም። የኦቲስን ማሽን ዕድል አይተናል። ግራና ቀኙን መቀያየር የአንድ ኩባንያ ንብረት ቢሆን ኖሮ ያ ኦፕሬተር የሚለማመደው ሁለት አደራደር ሳይሆን እንደ ማሽኑ ስም ብዛት በሆነ ነበር። የማንሻ አደራደር አይኤስኦ 10968 በሚባል ዓለም አቀፍ ደረጃ ላይ መስፈሩ በአብዛኛው ለእጅ ደህንነት የተደረገ የጋራ ስምምነት ነው። አንዳንዱ ነገር የጋራ ሆኖ ይሻላል።

እኛ የምንለው ሕጉ ስለሚመዝንበት ሰው ነው። ፓተንት ለመስጠትም ለመንሳትም ሁልጊዜ የሚጠራው ያ ስም የለሽ ባለሙያ ነው፤ እሱ ምን ያውቃል፣ እሱ ምን ይታየዋል እየተባለ። ሰውየው ግን በሕጉ ውስጥ ምናባዊ ቢሆንም በሰፈራችን እውነተኛ ነው። ሻዩን ጠጥቶ ጨረሰና የብርጭቆውን ሂሳብ ከፍሎ ወደ ማሽኑ ወጣ። ወጥቶም ወዲያው አልቆፈረም። መጀመሪያ ባልዲውን ከመሬት ትንሽ አንስቶ እያንዳንዱን ማንሻ በቀስታ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሞከረ። የትኛው የቱን እንደሚያዝ እጁን እያስታወሰ ነበር። ከዚያ ሥራውን ጀመረ፤ እኛም ቆመን አየን፤ በዚህኛው ቀን ግን ዓይናችን ባልዲው ላይ አልነበረም።

ቸር እንሰንብት።