ሱባኤ

ሱባኤ (ሱባዔ ተብሎም ይጻፋል) በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አንድ ምእመን ለተወሰኑ ቀናት ከዕለት ሥራው ተለይቶ በጾም፣ በጸሎትና በስግደት የእግዚአብሔርን ፈቃድ የሚጠይቅበት ሥርዓት ነው። ቃሉ ግዕዝ ሲሆን ከሰባት ቁጥር ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ አንድ ሱባኤ ሰባት ቀን፣ ሁለት ሱባኤ 14 ቀን ነው። በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 9 የሚገኘው የሰባው ሱባኤ ቆጠራ ግን አንዱን ሱባኤ ሰባት ዓመት አድርጎ ይተረጎማል።

መነሻው

ለሱባኤ ምሳሌ ተደርገው ከሚጠቀሱት አንዱ ዕዝራ ነው። በመጽሐፈ ዕዝራ ሱቱኤል ነቢዩ ሰባት ሰባት ቀን እየጾመ ይጠይቃል፣ መልአኩ ዑራኤልም ይመልስለታል። በዳንኤል ምዕራፍ 10 ደግሞ ነቢዩ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከማለፊያ ምግብ፣ ከሥጋና ከወይን ተከልክሎ ቆይቷል። መልአኩ ሲመጣ ጸሎቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተሰማ መሆኑን፣ መልሱ ግን 21 ቀን የዘገየ መሆኑን ይነግረዋል። የነነዌ ሰዎችና የአስቴር የሦስት ቀን ጾም ሕዝብ በሙሉ በአዋጅ ለሚይዘው ሱባኤ ምሳሌ ናቸው። ሱባኤ የግል፣ የማኅበርና የአዋጅ ተብሎ በሦስት ይከፈላል።

በኢትዮጵያ ብዙ ሰው ሱባኤ የሚይዘው ከነሐሴ 1 እስከ 15 ባለው በጾመ ፍልሰታ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ሐዋርያት የእመቤታችንን ሥጋ ለማግኘት ሁለት ሱባኤ ጾመዋል፤ በ14ኛው ቀንም ሥጋዋን ተቀብለው ቀብረዋል። ትንሣኤዋን ያየው ቶማስ ብቻ ስለነበረ በዓመቱ እንደገና ከነሐሴ 1 ጀምሮ ጾመው በ16ኛው ቀን የለመኑትን አይተዋል ይባላል። በዚህ ወቅት በየአጥቢያው የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ ይሰጣል፤ ሕፃናት ሳይቀሩ ይጾማሉ።

አገባቡ

ሱባኤ የሚጀመረው በንስሐ አባት ፈቃድ ነው። ምእመኑ አስቀድሞ ንስሐ ይገባል፣ የተጣላውን ይታረቃል፣ የሚጠይቀውንም ነገር ለይቶ ያውቃል። ጥያቄው የትዳር፣ የምንኩስና፣ የሥራ፣ የሕመም ወይም ወደ ውጭ አገር የመሄድ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። በሱባኤው ቀናት መዝሙረ ዳዊትና ውዳሴ ማርያም ይደገማል፣ ይሰገዳል፤ ወሬና ጨዋታ ይቀራል። ምግቡ እንደ ቆሎ ወይም በውሃ የራሰ ሽምብራ ያለ ቀላል ነገር ሆኖ ብዙውን ጊዜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ይቀመሳል። መጠኑን እንደ ሰውየው አቅም የሚወስኑት የንስሐ አባቱ ናቸው። እንደ ስኳር ያለ ሕመም ያለበት ወይም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከሐኪሙም ጋር ሊማከር ይገባል፤ መድኃኒትን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ የሱባኤ ሥርዓት አይደለም።

መልሱ እንዴት ይታወቃል

ከሁሉም አስቸጋሪው ይህ ነው። ሱባኤ ጥያቄ ተጽፎበት ወዲያው መልስ እንደሚያወጣ የፍለጋ ሳጥን አይደለም፤ ብዙ ሰው ግን ሳያስበው እንዲያ አድርጎ ይገባበታል። ለሰባት ቀን በርሃብና በብቸኝነት የቆየ ሰው ሕልም ማየቱ አያስገርምም። ልጅቱን ለማግባት አስቀድሞ ልቡ የቆረጠ ወጣት በሕልሙ የሠርግ ልብስ ቢያይ፣ የታየው የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ወይስ የራሱ ምኞት?

መጽሐፍ ቅዱስ በሕልም የተመሩትን እንደ ዮሴፍ ያሉትን ይጠቅሳል። መጽሐፈ ሲራክ ግን በሕልም ላይ የሚመረኮዙትን ያስጠነቅቃል፤ ቅዱስ ጳውሎስም ሰይጣን የብርሃን መልአክ መስሎ እንደሚታይ ጽፏል (2ኛ ቆሮንቶስ 11፥14)። ስለዚህ ምእመኑ ያየውን ወይም የተሰማውን ለንስሐ አባቱ ሳይነግር ውሳኔ ላይ እንዳይደርስ ይመከራል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በ1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 3 የሚገኘው ታሪክ ነው። ብላቴናው ሳሙኤል ሦስት ጊዜ በስሙ ሲጠራ የጠራው ዔሊ መስሎት ወደ እርሱ ሮጧል፤ ድምፁ የእግዚአብሔር መሆኑን የተረዳውም ዔሊ ነበር። የሰማው ልጁ ነው፣ የለየው ግን ሽማግሌው።

መልስ የሚባለው ራእይ ብቻም አይደለም። የልብ መረጋጋት፣ የበር መከፈት ወይም መዘጋት፣ ከቅዱሳት መጻሕፍት ልብን የሚነካ ቃል፣ የአባቶች ምክርም እንደ መልስ ይቆጠራሉ። የተለመነው ነገር ሳይሆን ሲቀርም፣ አለመሆኑ ራሱ መልስ ነው ተብሎ ይታመናል። ምንም ሳይሰማው የወጣ ሰው ሱባኤው ከንቱ ሆነ ማለት አይደለም፤ የዳንኤል ታሪክ የሚጠቀሰውም ለዚህ ነው።

በአዲስ አበባ ዙሪያ

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከዚህ ሥርዓት ጋር በተለያየ መንገድ ይገናኛሉ። በደቡብ ምዕራብ በኩል በሰበታ የጌቴሴማኔ ቤተ ደናግል የሴቶች ገዳም ይገኛል። ሱሉልታ ከእንጦጦ ተራራ ጀርባ፣ ወደ ደብረ ሊባኖስ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ሊባኖስ የሚሄድ ሱባኤተኛ በእሷ በኩል አልፎ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ወደጸለዩበት ዋሻ ይዘልቃል። ፍልሰታ በክረምት አጋማሽ ስለሚውል በዚህ ደጋ አገር በደጀ ሰላም ወይም በላስቲክ ዳስ ማደር ብርዱ ብቻ ትልቅ ፈተና ነው።

በነዚህ ከተሞች ያሉ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ምእመናንም ፈቃደ እግዚአብሔርን በጾም ጸሎት ይጠይቃሉ። በእነርሱ ዘንድ ግን የንስሐ አባት የለም፤ የተሰማው ነገር የሚመዘነው በመጽሐፍ ቅዱስና በሽማግሌዎች ምክር ነው። በአንድ ሰው ትንቢት ብቻ ትዳር ወይም ሥራ መወሰን በመካከላቸውም የሚያከራክር ጉዳይ ነው።

በየማለዳው ከቡራዩ ወይም ከሰበታ በታክሲ አዲስ አበባ ወርዶ ማታ ለሚመለስ ሠራተኛና ተማሪ ሰባት ቀን ገዳም መግባት ቀላል አይደለም። እንዲህ ያለው ሰው የንስሐ አባቱን አስፈቅዶ በቤቱ ሱባኤ ሊይዝ ይችላል። ሌሊት ተነሥቶ ይጸልያል፣ ከሥራ መልስ ይሰግዳል፣ ስልኩንም ይዘጋል።