ወደ ሳንድ ክሪክ የሚወስደው የጠጠር መንገድ

ዴንቨርና ኦሮራ የምትኖሩ አንባቢዎቻችን ወደ ምዕራብ ስትመለከቱ የሚታያችሁን ያንን በረዶ የለበሰ ትልቅ ተራራ ታውቁታላችሁ። እስከ 2023 እ.ኤ.አ. ድረስ ስሙ ማውንት ኢቫንስ ነበር፤ ዛሬ ማውንት ብሉ ስካይ ይባላል። ስሙ ለምን ተለወጠ ብዬ የወጣቶች ክፍላችንን ብጠይቅ የመለሰልኝ አንድም አልነበረም። አልፈርድባቸውም። እዚሁ ከተማ አሥር ዓመት ኖሬ እኔም ያወቅሁት በቅርቡ ነው።

ስለዚህ ባለፈው ሰኔ ትምህርት ቤት እንደ ተዘጋ አርቪ ተከራየን። አርቪ ለማታውቁ አልጋ፣ ምድጃና መጸዳጃ ያለው መኪና ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት አይሱዙ የጭነት መኪና ላይ የተጫነ ቤት ይመስላል። አምስት ወጣቶች፣ ምግቡን የያዙልን አንዲት እናታችንና እኔ ሆነን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ወረድን።

መጀመሪያ የቆምነው አርካንሳስ ወንዝ ዳር ባለው በቤንት ምሽግ ነው። የቤንት ወንድማማቾችና ሸሪካቸው በ1833 ገደማ ከጭቃ ጡብ የሠሩት የንግድ ቦታ ነበር፤ ዛሬ የሚታየው በ1976 እንደገና የታነጸው ነው። ከወንዙ ማዶ ያኔ ሜክሲኮ ነበረች። ነጋዴው፣ አዳኙና የሸየን ሕዝብ የጎሽ ቆዳ ይዞ የሚመጣው ሁሉ እዚህ ግቢ ውስጥ ይገናኝ ነበር። ዊልያም ቤንት ከሸየን ሕዝብ ሚስት አግብቶ ልጆች ወለደ። የሦስቱን ወንዶች ልጆቹን ስም ያዙልኝ፦ ሮበርት፣ ጆርጅና ቻርልስ። በኋላ እመለስባቸዋለሁ።

ከዚያ ወደ ኢድስ ከተማ ስንጓዝ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ተለወጠ። ከባሕረ ሰላጤው የሚመጣው እርጥብ አየር ከተራራው ከሚወርደው ደረቅ አየር ጋር የሚጋጨው በዚህ ሜዳ ላይ ስለሆነ፣ ምሥራቅ ኮሎራዶ በበረዶ ዝናብ የታወቀ ነው። ይህን ከመጽሐፍ አውቀው ነበር። አርቪ በነፋስ ውስጥ መንዳት ምን ማለት እንደሆነ ግን መጽሐፍ አልነገረኝም። ጎኑ እንደ ግድግዳ ስለሆነ ነፋሱ ሲመታው መሪውን በሁለት እጅ ይዤም መስመሬን መጠበቅ አቃተኝ። የሁላችንም ስልክ ባንድ ጊዜ የማስጠንቀቂያ ድምፁን አሰማ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንድ ነዳጅ ማደያ አገኘንና ከሕንጻው ጎን ተጠግተን ቆምን።

በረዶው ሽምብራ እያከለ ጀምሮ እንቁላል አከለ። ጣራው ቆርቆሮ አይደለም፣ ግን ድምፁ እንደ ቆርቆሮ ነው። የኋለኛው አልጋ በላይ ያለው የአየር መግቢያ ክዳን ተሰበረና ፍራሹ ራሰ። ከልጆቹ አንዷ ታለቅሳለች፣ አንዱ ቪዲዮ ይቀርጻል። እናታችን ጸለዩና ቅርንፉድ ያለበት ሻይ አፈሉ። እኔ ደግሞ ሌላ የማደርገው ስለሌለ ታሪኩን መንገር ጀመርኩ፤ ለእናንተም እዚሁ ላይ ልንገራችሁ።

በ1858 በዚህ አገር ወርቅ ተገኘ ተባለና በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው ጎረፈ። መሬቱ ግን በ1851 በፎርት ላራሚ ውል ለሸየንና ለአራፓሆ ሕዝቦች የታወቀ ነበር። ግጭት ተነሣ። በሰኔ 1864 ከዴንቨር አቅራቢያ የሃንጌት ቤተሰብ፣ ሕጻናቱም ጭምር፣ ተገደሉ፤ ሬሳቸው ከተማ መጥቶ ለሕዝብ ታየ። የዴንቨር ሰው ፍርሃት ከንቱ አልነበረም፤ ይህን ማለፍ ታሪኩን ማቅለል ይሆናል። አገረ ገዢው ጆን ኢቫንስ (የተራራው ስም ከእርሱ ነው) በነሐሴ ወር ዜጎች ጠላት የሆኑትን ሕንዶች እያሳደዱ እንዲገድሉ የሚፈቅድ አዋጅ አወጣ።

ብላክ ኬትል የተባለው የሸየን አለቃ ግን ሰላም ፈለገ። በመስከረም ከሌሎች አለቆች ጋር ዴንቨር ድረስ መጥቶ ከኢቫንስና ከኮሎኔል ጆን ቺቪንግተን ጋር ተነጋገረ። ወደ ጦር ሰፈሩ ቅረቡ ተባሉ፤ ቀረቡ። ከፎርት ላየን 40 ማይል ያህል በሚርቀው በሳንድ ክሪክ ዳር 750 ያህል ሰው ድንኳኑን ተከለ።

ኅዳር 29 ቀን 1864 ንጋት ላይ ቺቪንግተን ሌሊቱን ሲጋልቡ ያደሩ 675 ያህል ወታደሮችና አራት መድፎች ይዞ ደረሰ። ብላክ ኬትል የአሜሪካን ባንዲራና ነጭ ጨርቅ ሰቀለ። አልጠቀመውም። ግድያው ለሰዓታት ቆየ። 230 ያህል ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕጻናትና ሽማግሌዎች ናቸው። የሸሹት በደረቁ ወንዝ አሸዋ ውስጥ በእጃቸው ጉድጓድ ቆፍረው ተሸሸጉ። ወታደሮቹ ከሬሳ የቆረጡትን ይዘው ዴንቨር ሲገቡ ሕዝቡ እንደ ጀግና ተቀበላቸው።

እዚህ ላይ ነው አንደኛው ልጅ ያቋረጠኝ። «ቺቪንግተን ማን ነው? ከየት የመጣ ወታደር ነው?» አለኝ።

መጋቢ ነው። የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ፣ በ1860 ዴንቨር የመጣውም የአካባቢው አብያተ ክርስቲያናት የበላይ ኃላፊ ሆኖ ነው። የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲነሣ ለሠራዊቱ ቄስ ሁን ቢሉት፣ የማዋጋ ማዕረግ ስጡኝ አለ። ባርነትን የሚቃወም ሰው ነበር። ይህንን አስቡት፤ ለጥቁሮች ነጻነት የቆመ ሰባኪ ነው ይህን ያዘዘው። ኢቫንስም ያው ምእመን ነበር፣ በዚያው በ1864 የዛሬውን የዴንቨር ዩኒቨርሲቲ የመሠረተ። ሁለቱንም «በስም ብቻ ክርስቲያን» ብለን ከደጃችን ማውጣት ይቀልላል፤ እኔም መጀመሪያ የመጣልኝ መልስ እርሱ ነበር። ግን ጸሎታቸውና መዝሙራቸው ከእኛ ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም። እኛም በቅርብ ዓመታት አገራችን ስትዋጋ ከየመድረኩ ምን ሲባል እንደ ነበር እናስታውሳለን፤ «አሜን» ያልነው ለየትኛው እንደ ነበርም።

በዚያ ንጋት ሌላም ሰው ነበር። ሻምበል ሳይለስ ሶል 26 ዓመቱ ነው። ለክፍለ ጦሩ «አትተኩሱ» አለ፤ ሌተናንት ጆሴፍ ክሬመርም እንዲሁ። ሁለቱ ያዩትን በደብዳቤ ጻፉ። በ1865 ምርመራ ሲጀመር ሶል ዴንቨር ውስጥ ቀርቦ መሰከረ። በሚያዝያ 1 አገባ፤ በዚያው ወር 23 መንገድ ላይ ተተኩሶ ተገደለ። ገዳዩ ለፍርድ አልቀረበም። ቺቪንግተን ደግሞ ቀደም ብሎ ከሠራዊቱ ወጥቶ ስለ ነበር የጦር ፍርድ ቤት ሊይዘው አልቻለም። ኢቫንስ ሥልጣኑን ለቀቀ።

በረዶው ካቆመ በኋላ ኢድስ ደርሰን አደርን። ፍራሹ ርሷል፣ ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው፣ በተሰበረው ክዳን ላይ ላስቲክ ለጥፈን ሁለት ሁለት ሆነን ባንድ ብርድ ልብስ ተኛን። ያኔ ነው የቤንትን ልጆች ነገር የነገርኳቸው። ጆርጅና ቻርልስ መንደሩ ውስጥ ነበሩ፤ ታላቃቸው ሮበርት ወታደሮቹን መንገድ እንዲመራ ተገድዶ ከማዶ ነበር። ጆርጅ ዳሌው ላይ ቆስሎ አመለጠ፤ በስተርጅናውም ያን ሌሊት ተርኮታል። በኅዳር ብርድ፣ ያለ በቂ ልብስ፣ ሜዳ ላይ። የቆሰሉት እንዳይሞቱ ሣር እየነጩ ይሸፍኗቸው ነበር። ልጆቹ ዝም አሉ። ስለ ፍራሹ ያማረረ አልነበረም።

በማግስቱ ጭቃው እስኪደርቅ ቆይተን ተነሣን። ወደ ቦታው ለመታጠፍ ቺቪንግተን የሚባል መንደር ታገኛላችሁ፤ አዎ፣ በስሙ የተሰየመ ነው፤ የቀሩት ጥቂት ቤቶች ናቸው። ከዚያ ስምንት ማይል ያህል ጠጠር መንገድ ነው። በ2007 ብሔራዊ የታሪክ ቦታ ሆኖ ተከፍቷል። ለመከፈቱ ከረዱት ነገሮች አንዱ የሶልና የክሬመር ደብዳቤዎች በ2000 እንደገና መገኘታቸው ነው።

የሚታይ ብዙ ነገር የለም። ከፍ ካለ ቦታ ላይ ቆማችሁ ደረቅ ወንዝ፣ ጥቂት ዛፎችና ሣር ታያላችሁ። ለዘሮቻቸው የተቀደሰ ስለሆነ ወደ ወንዙ መውረድ ክልክል ነው። እዚያ ልንዘምር አዘጋጅተን የነበረውን መዝሙር ተውነው። ማን እንደ ወሰነ አላውቅም፤ ማንም አልጀመረውም።

የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን በ1996 ስለዚህ ነገር ይቅርታ ጠየቀች፤ የኮሎራዶ አገረ ገዢ በ2014።

ስንመለስ የኪራይ ድርጅቱ ስለ ፍራሹና ስለ ክዳኑ አስከፈለን፤ ትክክል ናቸው። በሚቀጥለው እሑድ ከአምልኮ በኋላ መሐል ከተማ፣ 15ኛው መንገድና አራፓሆ መንገድ የሚገናኙበት ሄድን። በሶል ስም የተሠራ ትንሽ ሰሌዳ አለ። ቡና ይዘው የሚያልፉ ሰዎች አያዩትም። በመንገዱ ላይ ያለቀሰችው ልጅ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው፤ ከዚያም «አርቪ ውስጥ ያልነበሩት ልጆች መቼ ነው የሚመጡት?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥቅምት ላይ ነው። በረዶ የሌለበት ወር ነው ብለውኛል።