የታሪክ ማስታወሻ፦ ምንም ያላዩት የሃይፋ ሰዎች

የዛሬው ማስታወሻ ስለ ሱፐርኮንዳክተር ነው፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ገሚሱን ታሪክ ታውቁታላችሁ፤ በ1911 የሆላንዱ ካመርሊንግ ኦነስ ሜርኩሪን ክፉኛ ሲያቀዘቅዘው ኤሌክትሪክ ያለ አንዳች እንቅፋት አለፈበት፤ በ1933 ደግሞ እንዲህ ያለ ቁስ ማግኔታዊ መስክን ከውስጡ እንደሚያባርር ታወቀ። ይህን በዚሁ እንለፈው።

"ያባርራል" የሚለው ቃል ግን ብዙ ሰው አሳስቷል። ሱፐርኮንዳክተር ውስጥ ማግኔት ድርሽ አይልም ይባላል። ይላል እንጂ! በ1957 ሩሲያዊው አብሪኮሶቭ እንዳስረዳው፣ በአንዳንዶቹ ውስጥ መስኩ ቀጫጭን ክር ሆኖ ይገባል፤ በእያንዳንዱ ክር ዙሪያም የኤሌክትሪክ ፍሰት ይሽከረከራል። አዙሪት የሚባለው ይህ ነው። ሁለተኛው ስሕተት ይብሳል፤ አዙሪት እንዲኖር የግድ ከውጭ ማግኔት መቅረብ አለበት ይላሉ። የለበትም። መቸኮል ብቻ ይበቃል።

(ፋታ)

ሐሳቡ የመጣው ስለ ሰማይ ከሚያስቡ ሰዎች ነው። በ1976 የለንደኑ ቶም ኪብል ጽንፈ ዓለም በልጅነቱ ሲቀዘቅዝ ምን ዓይነት ጉድለት ሊቀርበት ይችላል ብሎ ጠየቀ። በ1985 የሎስ አላሞሱ ዙሬክ ይህንኑ በቤተ ሙከራ፣ በፈሳሽ ሂሊየም መፈተን ይቻላል አለ። አብረው የሠሩ የሚመስላቸው አሉ፤ በሁለቱ ጽሑፎች መካከል ግን ዘጠኝ ዓመት አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቁሱ ወደ ሱፐርኮንዳክተርነት ሲለወጥ ኤሌክትሮኖች ጥንድ ጥንድ እየሆኑ በአንድ ምት መሄድ ይጀምራሉ። ምቱን ማን ይመርጥላቸዋል? ማንም። በሰርግ ድንኳን ጭብጨባ እንደሚጀመረው ነው፤ ጊዜ ካለ ጥግና ጥጉ ተደማምጦ አንድ ይሆናል፤ ጊዜ ከሌለ ሁሉም በያዘው ይቀጥላል። በቁሱም ቅዝቃዜው ሲቸኩል የምቱ ወሬ ከሰፈር ሰፈር ሳይዳረስ ለውጡ ያልቃል። ሰፈሮቹ በሚገናኙበት ቦታ ምቱ ዞሮ ዞሮ የማይገጥምበት ነጥብ ይቀራል፤ አዙሪቱም እዚያ ይተከላል። ይደገም፦ ፈጣን ቅዝቃዜ፣ ትንንሽ ሰፈር፣ ብዙ አዙሪት። ዝግ ያለ ቅዝቃዜ፣ ሰፋፊ ሰፈር፣ ጥቂት አዙሪት።

አሁን ወደ እስራኤል፣ ወደ ሃይፋው ቴክኒዮን ዩኒቨርሲቲ። ተመራማሪዎቹ ካርሚ እና ፖልቱራክ ከይትሪየም፣ ከባሪየም፣ ከመዳብና ከኦክስጅን የተሠራ ስስ ንጣፍ ያዙ። ይህ ንጣፍ ከዜሮ በታች 180 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ ሱፐርኮንዳክተር ይሆናል። ከውጭ መስክ ከልለው፣ በሰከንድ 20 ዲግሪ እያቀዘቀዙ፣ ስኩዊድ በሚባለው እጅግ ስሱ መሣሪያ ለኩ። መለካቱም ቀላል አልነበረም፤ አንዱ አዙሪት ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች ስለሚያመለክት እርስ በርስ ይጣፋሉ፤ መሣሪያው የሚያነበው ትራፊውን ብቻ ነው።

ምን አገኙ? ምንም።

(ፋታ)

ምንም! በ1999 ይህንኑ አሳተሙ። ምንም አላየንም ብሎ ማሳተም ድፍረት ይጠይቃል። እንግሊዝ አገር፣ ላንካስተር ያሉት ተመራማሪዎችም እንዲሁ ደፋሮች ነበሩ፤ በ1994 ዙሬክ ባለው መንገድ በፈሳሽ ሂሊየም ውስጥ አዙሪት አየን ብለው ተጨበጨበላቸው፤ በ1998 መሣሪያቸውን አሻሽለው ሲደግሙት ግን አዙሪቱ ጠፋ፤ የመጀመሪያው በፈሳሹ መናወጥ የመጣ ሳይሆን አይቀርም ብለው ራሳቸው ተናገሩ። ዛሬም የ1994ቱን በማስረጃነት የሚጠቅስ አለ። ቢቀርበት ይሻላል።

የሃይፋዎቹ አልተቀመጡም። በ2000 በ214 መጋጠሚያዎች በተከፋፈለ የሱፐርኮንዳክተር ቀለበት ውስጥ ከውጭ ያልመጣ የማግኔት ፍሰት አገኙ። ከዚያ ማኒቭ፣ ፖልቱራክና ኮረን ወደ ንጣፉ ተመለሱ። ንጣፉን ብቻ በቅጽበታዊ የሌዘር ብርሃን አሞቁት፤ ከሥሩ ያለው መደብ ቀዝቃዛ እንደሆነ ስለቆየ ሙቀቱን መልሶ ዋጠው። ፍጥነቱ በሰከንድ ከ100 ሚሊዮን ዲግሪ በላይ ደረሰ። ቀድሞ 20፣ አሁን ከ100 ሚሊዮን በላይ! በ2003 አዙሪቶቹ ታዩ።

በዚህ ዝግጅት ሚዛን ትልቁ ሥራ የ2003ቱ አይደለም፤ የ1999ኙ ነው። ባዶውን ውጤት ደብቀውት ቢሆን ኖሮ ያን ያህል መፍጠን እንደሚያስፈልግ ማንም ባላወቀ ነበር።