የ1966 ዓ.ም. የመምህራን አድማና የምክንያት አመዛዘን

«ከሚከተሉት ውስጥ ክርክሩን ይበልጥ የሚያላላው የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ በአመክንዮ ፈተናዎች ዘንድ የተለመደ ነው። ተማሪው መልሱን ሲስት ጉድለቱ የቋንቋ ችሎታ ማነስ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ የታሪክ ትምህርት ምክንያቶችን በተራ ቁጥር በማስጠናት ከተወሰነ፣ ምክንያትን መመዘን ከየት ይለመዳል?

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚያስተምር አንድ የታሪክ መምህር የሚከተለውን ክርክር ለክፍሉ አቀረበ እንበል፦ «በ1964 ዓ.ም. የተካሄደው የትምህርት ዘርፍ ጥናት፣ በተለምዶ ሴክተር ሪቪው የሚባለው፣ በ1966 ዓ.ም. ለሕዝብ ተገለጸ። መምህራን የካቲት 11 ቀን አድማ መቱ። የካቲት 20 ቀን የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። ስለዚህ ካቢኔውን የጣለው ሴክተር ሪቪው ነው።»

ክርክሩ መቅደምን ምክንያት ከመሆን ጋር አንድ አድርጎ ይቆጥራል። የሚያላላው ማስረጃ ግን የትኛው ነው?

«መንግሥት በዚያው ወር ጥናቱን ቢያዘገይም ንቅናቄው አልቆመም» የሚለው ተማሪን የሚማርክ መልስ ነው። ነገር ግን ክብሪቱን መንጠቅ የተያያዘውን ቤት አያጠፋም። ምክንያቱ ቢነሣም ውጤቱ ሊቀጥል ስለሚችል፣ ይህ መልስ ክርክሩን እምብዛም አይነካውም።

የነገሌ ቦረና ጦር ግን በምግብና በውኃ ችግር ያመፀው ጥር 4 ቀን፣ ከአድማው አንድ ወር ያህል ቀድሞ ነው። የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች የካቲት 11 ቀን ሥራ ያቆሙት በነዳጅ ዋጋ መናር ነው። ካቢኔው ከመልቀቁ በፊት በነበሩት ቀናትም በአሥመራ የነበረው ጦር ተነሥቶ ነበር። ካቢኔውን ያስጨነቀው ግፊት በሌላ መንገድም ይመጣ እንደነበር ስለሚያሳዩ፣ ክርክሩን በእውነት የሚያላሉት እነዚህ ናቸው።

ሆኖም ማላላት መሻር አይደለም። ጥናቱ የአንደኛ ደረጃን ትምህርት ለማስፋፋትና የላይኛውን ደረጃ ዕድገት ለመግታት ማሰቡ መምህራንንና ወላጆችን አስቆጥቷል። ስለዚህ «ብቻውን ጣለው» የሚለው ይወድቃል፤ «ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር» የሚለው ይቆማል።

ይህ ልዩነት ለዕቅድ አውጪዎችም ይጠቅማል። ለምሳሌ ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ የታየውን ልማትም ሆነ ጥፋት ሁሉ ለፖሊሲው ከመስጠት በፊት፣ በእነዚያው ዓመታት ሌላ ምን እንደተለወጠ መጠየቅ ይገባል። ይህን ጥያቄ ያልለመደ ተማሪ ነገ ዕቅድ አውጪ ሲሆን፣ የአንዱን ጥፋት በሌላው ላይ ማላከኩ አይቀርም።